እሑድ በበርገን



አዘጋጆቹ «ስለ ውጭ አገር ትምህርትሽ ቀለል ያለ ነገር አጫውቺን» ብለውኛል። እሞክራለሁ።

እንደምታውቁት የአጣዬ ልጅ ነኝ። ለእኛ እሑድ ማለት የሰንበቴ ገበያ ነው፤ ማሾው፣ ማሽላው፣ ግመሉ፣ ከቆላም ከደጋም የወረደው ሰው። ለማስተርስ ኖርዌይ፣ በርገን ስሄድ ግን የመጀመሪያው እሑድ ሱቁ ሁሉ ዝግ ሆኖ ጠበቀኝ። እንጀራው ቀርቶ ዳቦ የምገዛበት አጣሁ። ዝናቡስ ቢሆን! በርገን በዓመት ከ200 ቀን በላይ ይዘንብባታል። የቆላ ሰው እዚያ ሲገባ አስቡት።

አንድ ምሽት በጋራው ኩሽና በርበሬ ሳቁላላ የጭስ ማስጠንቀቂያው ጮኸና ፎቁ በሙሉ በቢጃማ ዝናብ ላይ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ወጥ በሠራሁ ቁጥር ጋናዊው ጎረቤቴ መስኮቱን ከፍቶ በጋዜጣ ያራግብልኝ ነበር። ክፍያው ግማሽ ድስት ነው።

ቅዳሜና እሑድ ተራራ መውጣት ለመድን። ፍሎየን የሚባለው 320 ሜትር ላይ ነው፤ የሚወጣ ባቡር አለው፣ እኛ ግን ለገንዘቡ ስንል በእግር። በሸራ ጫማ ጭቃው ላይ ስንከባለል ሰባ ዓመት የሚሆናቸው እናት ዱላቸውን ይዘው አለፉን። እነሱ «መጥፎ አየር የለም፣ መጥፎ ልብስ እንጂ» ይላሉ።

አንድ የበጋ እሑድ ደግሞ የስጋ ደዌ ሙዚየሙን ለማየት ሄድን፤ የድሮው የቅዱስ ዮርገን ሆስፒታል ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለት ታካሚዎች እስካረፉበት እስከ 1946 እ.ኤ.አ. ድረስ ሰው ኖሮበታል። አርማወር ሐንሰን የበሽታውን ባክቴሪያ ያገኘው በዚያች ከተማ በ1873 እ.ኤ.አ. ነው። አለርት ግቢ ያለው የምርምር ተቋማችን በስሙ ስለሚጠራ «የእኛም ሰው ነው!» ብዬ ኮራሁ።

አስጎብኚዋ ግን ቀጠለች። በ1879 ሐንሰን ከአንድ ታካሚ እባጭ የወሰደውን ካሪ በምትባል ሌላ ታካሚ ዓይን ላይ ወጋ። ፈቃድ አልጠየቃትም። እሷም ዝም አላለችም፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ በ1880 ተፈረደበትና የሆስፒታል ሥራውን አጣ።

ሌሎቹ ወደሚቀጥለው ክፍል ሲያልፉ እኔ እዚያው ቀረሁ። ከምረቃ በኋላ በተመደብኩበት ሆስፒታል የመጡ አንዲት እናት ትዝ አሉኝ። ፊታቸው ላይ የስጋ ደዌ እባጭ ነበር። ነጠላቸውን ገለጥ አድርጌ ተማሪዎቹን «ኑ፣ እዩ! እንዲህ ያለ ኬዝ አይገኝም» አልኩ። እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ምርመራዬ ትክክል ነበር፣ መድኃኒቱንም ሰጠኋቸው። ለቀጠሯቸው ግን አልተመለሱም። ርቀቱ ይሁን ሐፍረቱ፣ ዛሬም አላውቅም።

አሁን ኢንተርኖች ይዤ ስዞር «እማማ፣ ተማሪዎቼ ቢያዩዎት ይፈቅዳሉ?» እላለሁ። ባለፈው ዓመት አንዲት እናት «አይ ልጄ፣ ዛሬስ ይቅርብኝ» አሉኝ። ተማሪዎቹ ምን እንደማደርግ ለማየት ወደ እኔ ዞሩ። «እሺ እማማ» ብለን ወጣን። ሳምንት ሳይሞላ ራሳቸው «ልጆቹን ጥሪያቸው» ብለው ላኩብኝ።

መምህሮቻችን፣ ዛሬም ዎርድ የምትዞሩ፣ እባካችሁ ይህችን ጥያቄ ተማሪዎቹ ከእናንተ አፍ ይስሟት። እኔ ከበርገን ነው ያመጣኋት፤ እነሱ ያን ያህል ባይርቁ ደስ ይለኛል።