እህል ሞልቶ ገበያ ሲጠፋ

(በማኅበራችን የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ በናይሮቢ የቀረበ ንግግር)



የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ስለ ግብርና አንድ ንግግር እንድናቀርብ ሲጠይቀን፣ በልማት ጣቢያ ሠራተኝነት ያገለገልን፣ በእህል ንግድ የቆየንና ዛሬም አገር ቤት ላለ ዘመድ የማዳበሪያ ገንዘብ የምንልክ ተሰባስበን ተመካከርን። ዓመቶቹን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ እዚህ የምንኖረው በእሱ ነውና።

ግብርና የኢኮኖሚያችን የጀርባ አጥንት ነው የሚለውን ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል። ሐሰት አይደለም። ዛሬም ከኢትዮጵያ ጠቅላላ ምርት አንድ ሦስተኛ ያህሉ የሚገኘው ከእርሻ ነው፤ ከአሥር ሠራተኛም ስድስት ያህሉ የሚተዳደረው በእሱ ነው። ነገር ግን አባባሉ ሲደጋገም ገበሬው ብዙ ካመረተ ሌላው ሁሉ በራሱ ጊዜ ይስተካከላል የሚል እምነት አሳድሮብናል። እንደማይስተካከል ያየንበት ዓመት አለ። ዛሬ ስለዚያ ዓመት ብቻ ብናወራ ይበቃናል።

በ1993 ቢ.ኤች. 660 የተባለው ድቅል የበቆሎ ዝርያ ከባኮ ወጣ። በዚያው ዓመት የኖቤል ተሸላሚው ኖርማን ቦርሎግና የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር የቆሙለት የሳሳካዋ ግሎባል 2000 ፕሮግራም በገበሬው ማሳ ላይ ሠርቶ ማሳያ ጀመረ። ምርጥ ዘር፣ ዳፕና ዩሪያ፣ በመስመር መዝራት፣ ማዳበሪያው ደግሞ በብድር። መንግሥትም በ1995 ይህንኑ አሠራር በኤክስቴንሽን ፕሮግራሙ አማካይነት በሰፊው ዘረጋው። ውጤቱን ማንም ሊክደው አይችልም። በምዕራብ ሸዋ፣ በወለጋ፣ በጅማና በጎጃም ከቀድሞው እጥፍና ከዚያም በላይ ያገኘ ገበሬ ብዙ ነበር። ጎተራ ሞልቶ ተርፎ እህል በደጅ ተከመረ።

በ2000 እና በ2001 ዝናቡ ጥሩ ነበር፤ አዝመራውም ሰመረ። የበቆሎ ዋጋ ግን በ2001 መጨረሻና በ2002 መጀመሪያ ላይ ከግማሽ በታች ወረደ። ለማጨጃ፣ ለመፈልፈያና ለአህያ ጭነት የሚወጣው ወጪ ከሽያጩ ስለበለጠ በቆሎውን ማሳው ላይ የተወ ገበሬ ነበር። የማዳበሪያው ዕዳ ግን አልወረደም። ብድሩ የሚሰበሰበው አዝመራው እንደገባ ነው፤ ሁሉም ገበሬ እህሉን በአንድ ሳምንት ገበያ ያወጣል፤ ገበያውም በዚያው ይሰበራል። እህሉ ዕዳውን አልሸፍን ያለው በሬውን ሸጠ። በሬውን የሸጠ ሰው በሚቀጥለው ክረምት ምን ይዞ ያርሳል? ማዳበሪያስ በምን ልቡ ይበደራል? በ2002 ብዙዎች ማዳበሪያውን ቀነሱ ወይም ጭራሹን ተዉት።

በዚያው በ2002 ዝናብ ጠፋ። በ2003 ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የዕለት እርዳታ ፈላጊ ሆነ። ልብ በሉ፣ ትርፍ ምርት ተገኘ ተብሎ ከተደሰትንበት ጊዜ ገና ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላም። ድርቁን ያመጣነው እኛ አይደለንም። ግን ድርቁ የደረሰው ገበሬው በራሱ ጥጋብ ከተጎዳ በኋላ ነው።

ጥፋቱ የማን ነው? ነጋዴው ላይ ማላከክ ቀላል ነው፤ ሲላከክም ሰምተናል። ከመካከላችን በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ እህል በረንዳ የነበሩ የሚሉት ሌላ ነው። ነጋዴው የነበረው ካፒታል ሁለት ሦስት መኪና እህል ከመግዛት አያልፍም ነበር። እህሉን ገዝቶ እስከ ክረምት የሚያቆይበት መጋዘንም፣ መጋዘን ያለውን እህል አስይዞ የሚበደርበት ባንክም አልነበረውም። ከወለጋ ተጭኖ ሐረርጌ ቢደርስ እንኳ የትራንስፖርቱ ዋጋ እህሉን ይበላዋል፤ እዚያ ያለው ችግረኛ ደግሞ መግዣ የለውም። አማርትያ ሴን የ1973ቱን የወሎ ረሃብ ሲያጠና ያገኘው ይህንኑ ነበር፤ ሕዝቡ የሚገዛበት ገንዘብ ስላልነበረው ከተራበው ወሎ እህል ወደ ሌላ ቦታ ይወጣ ነበር።

በ2008 ወይዘሮ እሌኒ ገብረመድኅን የመሩት የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የተከፈተው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። መነሻው እንደ በቆሎና ስንዴ ላለ እህል ነበር፤ ጸንቶ የቆመው ግን በቡናና በሰሊጥ ነው። ከውጭ ገዢ ያለው ምርት መንገድ አያጣም። የድሃው እህል መንገዱን ገና እየፈለገ ነው።

አሁን እዚህ በምንኖርበት አገር የምናየውን እናንሣ። ወደ ሊሙሩ ወይም ወደ ሙራንጋ ስትሄዱ ሻይ ቅጠል በጀርባው ያዘለ ገበሬ በመንገድ ዳር ባለ መረከቢያ ሲያስመዝን ታያላችሁ። ማሳው ትንሽ ነው፤ ከእኛ ገበሬ ማሳ አይበልጥም። መኪናው በቀጠሮው ይመጣል፤ ቅጠሉ በዚያው ቀን ፋብሪካ ይገባል፤ ከዚያም ሞምባሳ ለጨረታ ይወርዳል። ገበሬው በየወሩ የተወሰነ ክፍያ፣ በዓመቱም ቦነስ ይቀበላል። ይህን ሥርዓት የዘረጋው በ1964 የተቋቋመው የሻይ ልማት ባለሥልጣን ነው፤ በ2000 ወደ ግል ድርጅትነት ሲለወጥ ፋብሪካዎቹ የገበሬዎቹ የራሳቸው ናቸው። በቦነሱ ላይ በየዓመቱ ጭቅጭቅ አይጠፋም። ስለ ኬንያ በቆሎ ደግሞ ባናወራ ይሻላል፤ ቱርካና ሲራብ ኪታሌ ገዢ አጣሁ ያለባቸውን ዓመታት እናስታውሳለን። በአንድ አገር ሻዩ መንገድ ሲያገኝ በቆሎው ያጣል። ለምን ቢባል ሻይ ቅጠል ቶሎ ይበላሻል፤ መኪና ከሌለ ሻይ የለም። በቆሎ ግን ይቆያል ተብሎ ይተዋል፤ እዚያው በነቀዝ ያልቃል።

ስለ ጤፋችንም አንድ ቃል። በ2006 መንግሥት የጤፍ እህልና ዱቄት ወደ ውጭ እንዳይወጣ ሲከለክል ዓላማው የአገር ውስጡ ዋጋ እንዳይንር ነበር። እኛ ሩዝና ማሽላ እየቀላቀልን መጋገራችን ቀላል ነገር ነው፤ የከተማው ድሃ እንጀራ ካጣ ግን ከባድ ነው። ቢሆንም ለከተሜው ርካሽ ያደረግነውን የጤፍ አምራቹ ከኪሱ እንደሚከፍለው መሸፋፈን አይገባም።

ወደ ራሳችን እንመለስ። በየዓመቱ በሰኔ ለማዳበሪያ፣ አንዳንዴም ለበሬ መግዣ እንልካለን። በጥር ግን አንልክም። ዘመዶቻችን ዕዳ ለመክፈል እህሉን በርካሽ የሚሸጡት በጥር ነው፤ በሐምሌ ደግሞ ያንኑ እህል በውድ መልሰው ይገዛሉ። ስለዚህ ከምንልከው ግማሹ በጥር እንዲሄድ፣ ለብድሩ መክፈያ እንዲውልና እህሉ እስከ ክረምት ጎተራ እንዲቆይ ሐሳብ እናቀርባለን። ለነቀዙ አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት አለ፤ ነቀዙ አየር ሲያጣ ይሞታል፤ የኬሚካል ዱቄትም አያስፈልገውም።

ለዚህ ሁለት ተቃውሞ ሰምተናል። አንደኛው ገንዘቡ ለድግስ ይውላል የሚል ነው። ሊውል ይችላል፤ የሰኔውም ቢሆን ሲውል አይተናል። ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስበናል። መንገድ በጸጥታ ምክንያት በሚዘጋበት ወረዳ እህል ማቆየት ለዘረፋ ማጋለጥ ነው ይላሉ። ለእነዚህ ወረዳዎች መልስ የለንም፤ ሐሳባችንም እነሱን አይጨምርም። ለሌሎቹ ግን እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ስም የሚያስመዘግብ አባል ካለ ዝርዝሩ በገንዘብ ያዡ ዘንድ ተከፍቷል።