የቮልሳችን ሞተር በግቢያችን
(ለጠቅላላ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



ስለ ቮልሷ እንድናስረዳ በተጠየቅነው መሠረት ሥራውንም ሒሳቡንም አንድ ላይ እናቀርባለን።

የእንጀራ ቡድናችን ለሱቆች የሚያደርሰው በዚህች መኪና ነው። ጭሷ ሰማያዊ ሆነ፤ ዳገት ላይ ትደክም ጀመር። አንድ ጋራዥ «ሞተሩ አልቆለታል፣ ሽጧት» አለን። እርግጥ ነው፣ የመጨረሻዋ ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ ከተሠራች ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ የለም። ሌላ መኪና እንግዛ ብንል ግን የቁጠባ ሣጥኑ ባዶ ይቀራል፤ ከዚያ ሣጥን ለልጆቻቸው ትምህርት ብድር የሚጠብቁ እናቶች አሉ።

«ፈታታችሁት ባይነሳስ?» ያሉን እህቶች መጠየቃቸው ተገቢ ነበር። ስለዚህ ወሰን አበጀን፤ የሞተሩ ቤት ተሰንጥቆ ከተገኘ መለዋወጫ ሳይገዛ ሥራው ይቆማል።

ቮልስ ለቤት ሥራ ትመቻለች። ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በአየር ስለሆነ ራዲያተር የለ፣ የሚፈስ ውኃ የለ። ከካምቢዮው ጋር የሚያያይዙት 4 ብሎኖች ናቸው። የነዳጁን ቱቦና ሽቦዎቹን ነቅለን፣ በክሪክ ደግፈን፣ አምስት ሆነን አወረድነው። (ሊያግዙን የመጡ የጎረቤት ወንዶች ቡና ጠጥተው ሄዱ።) ድሮ ጋራዥ የሠራች እህታችን እየመራችን ብሎኑን ሁሉ በየጣሳው ለይተን፣ ከየት እንደወጣ ደብተር ላይ ጻፍን።

አራቱ ሲሊንደሮች ለየብቻ ይወጣሉ። በድሮዎቹ ሞዴሎች 3ኛውን የዘይት ማቀዝቀዣው ከአየር ስለሚጋርደው ከሌሎቹ ይበልጥ ይግላል፤ የተሰበረ ፋሻ ያገኘነውም እዚያው ነው። የሞተሩ ቤት ደህና ነበር። ኮሎውም ወዲያ ወዲህ ስለማይጫወት አልፈታነውም። ፒስተን፣ ፋሻና ሲሊንደር በአንድነት አዲስ ከሶማሌ ተራ ገዛን፤ ቶርኖ ቤት የላክነው ቴስታታዎቹን ብቻ ነው። የባልቮላውን ክፍተት ሞተሩ በቀዘቀዘበት 0.15 ሚሊ ሜትር አደረግን፤ 2.5 ሊትር ዘይት ሞላን። ይህች ሞተር የዘይት ፊልትሮ የላትም፣ ያላት ወንፊት ነው። ዘይቱ በጊዜው ካልተቀየረ የደከምንበት ሁሉ ከንቱ ነው፤ ሾፌሮቻችን ይህን አደራ ያዙልን።

ወጪው በሙሉ ከእንጀራ ሽያጭ ነው። ደጋፊዎቻችን ለሥልጠና የሰጡንን ገንዘብ አልነካነውም፤ እነሱ ቢፈቅዱልን እንኳ መዝገባችን ይምታታ ነበር።

መኪናዋ አሁን እንጀራ እያደረሰች ነው። በካምቢዮው በኩል ግን ዘይት ታንጠባጥባለች፤ ላስቲኩን ለመቀየር ሞተሩ እንደገና መውረድ አለበት፣ ለአንድ ቀንም ማድረስ ይቋረጣል። ከጾሙ በፊት ይሁን ወይስ በኋላ፣ ዛሬ ድምፅ ስጡበት። ደረሰኞቹ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አሉ።