የተጠረገው ቤት ባዶ እንዳይቀር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናንና ምእመናት፤

መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በማቴዎስ ወንጌል በ12ኛው ምዕራፍ ከሰው ስለ ወጣ ርኩስ መንፈስ ያስተማረውን ታስታውሳላችሁ። ያ መንፈስ ማረፊያ ባጣ ጊዜ ወደ ቀድሞ ቤቱ ተመለሰ፤ ቤቱንም ተጠርጎና አጊጦ፣ ነገር ግን ባዶ ሆኖ አገኘው። ስለዚህ ከራሱ የከፉ ሌሎች ሰባት አስከትሎ ገባ፤ የሰውየውም መጨረሻ ከመጀመሪያው የባሰ ሆነ። ልብ አድርጉ፤ ቤቱ የተጐዳው ሳይጠረግ በመቅረቱ አይደለም፤ ከተጠረገ በኋላ የሚኖርበት በማጣቱ ነው።

ይህን ቃል ያነሣሁት ከወህኒ ቤት ወጥተው በመጠጥ ስለሚፈተኑ ወንድሞቻችን ለመናገር ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሃያ ሁለት ሠፈር አንድ ጐልማሳ ነበረ። በአረቄ ሰክሮ ሰው ስላቈሰለ ተፈርዶበት የእስራቱን ዘመን በሸዋ ሮቢት ፈጸመ። በዚያ ሳለ ጾመ፣ ዳዊት ደገመ፣ መጠጥም አልቀመሰም። በተፈታ ጊዜ በደብረ ብርሃንና በሰንዳፋ አልፎ ላምበረት መናኸሪያ ወረደ። ከላምበረት እስከ ሃያ ሁለት ያለው መንገድ አጭር ነው፤ በሠፈሩ ያለው መጠጥ ቤት ግን ስንት እንደ ሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ዘመዶቹ ደስ ብሏቸው ጐረቤት ጠሩ፤ «እንኳን ለቤትህ አበቃህ» ብለውም በመጀመሪያ ያስጨበጡት መለኪያ ነበረ። እኔም በዚያ ማዕድ ተቀምጬ ነበር። እንጀራውን ባረክሁ፤ መለኪያውን ግን «አንሡለት» አላልሁም። ወር ሳይሞላው አንድ ሌሊት በመንገድ ዳር ወድቆ ሞቶ ተገኘ። ከእስራት ተፈትቶ የመጣውን ሰው እኔው ጸሎተ ፍትሐት አድርሼ ሸኘሁት። ይህን የምናገረው ሙታንን ለመውቀስ አይደለም፤ የራሴን ዝምታ ለመናዘዝ ነው።

ወገኖቼ ሆይ፤ በወህኒ ቤት ሳሉ አለመጠጣት እኩሌታው የግንቡ ሥራ ነው። ሰውየው ከግንቡ ሲወጣ ልቡ ገና ደካማ ነው፤ ሥጋውም መጠጡን ስለ ረሳ ቀድሞ የለመደውን ያህል አይችልም። በ1999 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በዋሺንግተን ግዛት ስለ ተፈቱ እስረኞች የታተመ ጥናት፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሞት ከሌላው የግዛቱ ሰው ይልቅ 12 እጥፍ ያህል እንደ በረታባቸው፣ ዋናውም ምክንያት አደንዛዥ ዕፅ ከመጠን ማለፉ እንደ ነበረ ገልጧል። የእኛ አገር ፈተና ይልቁን አረቄና ጫት ቢሆንም፣ የመጀመሪያዎቹ ቀናት እንዴት እንደሚያስፈሩ ከዚህ እንማራለን።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን፣ ከፍርዱ ከሦስት እጅ ሁለቱን የፈጸመና ጠባዩ የታረመ እስረኛ በአመክሮ እንዲፈታ ይፈቅዳል። እንግዲህ ሕግ በሩን ይከፍታል፤ በደጅ ቆሞ የሚቀበለው ግን ሰው ነው። ታዲያ እኛ ምን እናድርግ?

አስቀድመን ማዕዳችንን እናስተካክል። ወንድማችን በሚመለስበት ቀን አረቄውና ጠላው ይቅር፤ ብርዝ ወይም ቃሪቦ ይቅረብ። የጽዋ ማኅበርተኞችም እንዲሁ አድርጉለት። ጽዋው የሚከብረው በቅዱሱ ስም ነው እንጂ በጌሾው አይደለም።

ሁለተኛም ሕመሙን ሕመም እንበለው። ብዙ ዘመን የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም እጁ ይንቀጠቀጣል፤ አንዳንዱንም ያንዘፈዝፈዋል፣ አእምሮውንም ያስተዋል፤ ለሞትም ያደርሰዋል። ስለዚህ ዳግመኛ የወደቀውን «አቁም» ብላችሁ ቤት አትዝጉበት፤ እንደ አማኑኤል ሆስፒታል ወዳለ የሕክምና ስፍራ ውሰዱት። ጠበል መጠመቅ ሐኪምን አያስቀርም፤ ወንጌላዊው ሉቃስ ራሱ ሐኪም ነበረ። የንስሐ አባቱም ሰውየው እስኪመጣ አይጠብቅ፤ እርሱ ወደ ቤቱ ይሂድ።

ሦስተኛም ዋስ እንሁነው። ከወህኒ የወጣ ሰው ሥራ ሲለምን «ተያዥ አምጣ» ይባላል፤ ቤት ሲከራይም «የሚያውቅህ ማነው?» ይሉታል። የሚያውቀው ሁሉ ፊቱን ሲያዞርበት፣ ስሙን ጠርቶ የሚቀበለው መጠጥ ቤቱ ብቻ ይሆናል። ቅዱስ ጳውሎስ በእስር ሳለ ስለ አናሲሞስ ወደ ፊልሞና የላከውን መልእክት አንብቡ። አናሲሞስ ከጌታው የኰበለለ ነበረ፤ ሐዋርያው ግን ልጄ አለው፤ ዕዳ ቢኖርበት በእኔ ላይ ቍጠረው ብሎም በገዛ እጁ ጻፈ። እነሆ፣ እስረኛው ሐዋርያ ለኰብላዩ ተያዥ ሆነ። ከዕዳችን ሁሉ በክርስቶስ ደም የተዋጀን እኛ፣ ለአንድ ወንድም ፊርማችንን ብንነፍገው ምን መልስ አለን?

እግዚአብሔር ቤቱን ጠርጎ ሰጥቶናል። በሥራ፣ በጸሎትና በወዳጅ እንሙላው፤ እኛ ባዶውን ከተውነው የሚገባበትን ታውቃላችሁና።

የታሰሩትን የሚፈታ፣ የወደቁትን የሚያነሣ አምላክ ለዚህ በጎ ሥራ ያብቃን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።