ካርዱ ላይ የምንጽፈው



ግንቦት 28 ቀን 1990 ዓ.ም. የኤርትራ አውሮፕላኖች መቀሌን ሲደበድቡ የክላስተር ቦምብ አይደር ትምህርት ቤትና ሰፈሩ ላይ ወደቀ። ሕፃናት አለቁ። በዚያው ዕለት የእኛም አውሮፕላኖች የአስመራን አየር ማረፊያ መቱ። የሁለቱም አገር ሬዲዮ “የጀመረው እሱ ነው” ሲል ከረመ።

ነገሩን ለማጣራት ዓመታት ፈጀ። በአልጀርሱ ስምምነት የተቋቋመው የካሣ ኮሚሽን በ1996 ዓ.ም. ኤርትራን በአይደር ተጠያቂ አደረገ፤ ሆን ብላ መታች ብሎ ግን አይደለም፣ በቂ ጥንቃቄ አላደረገችም ብሎ ነው። ኢትዮጵያንም በያዘችው ግዛት ውስጥ ለፈረሰው የመጠራ ጥንታዊ ሐውልት ተጠያቂ አደረጋት። ሁለቱም ሬዲዮኖች እንዲህ አልነገሩንም።

ታዲያ እኛ ሐኪሞች ምን እናድርግ? ድንበር ላይ መድፍ ሲተኮስ ቁስለኛውን መጀመሪያ የምናየው እኛ ነን። ስሙን፣ ዕድሜውን፣ የመጣበትን ሰዓት፣ ፍንጣሪው የገባበትን ቦታ እንጻፍ። “የጠላት ጥይት” ብለን አንጻፍ፤ የማንን ጥይት እንደሆነ ቁስሉ አይናገርም። ቁጥሩን ጨምሩ፣ ቀንሱ የሚለን ቢመጣም ካርዱን አናስነካ። ነገ አጣሪ ሲመጣ ለሟቹ የሚመሰክርለት እሱ ነው።