ኖራ ያስራል እንጂ አያጠፋም፦ የካልሲየም ውህዶች በቆሼ



ስለ ካልሲየም ውህዶች የሚሰጥ ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ በኖራ ድንጋይ ተጀምሮ በሲሚንቶ ያበቃል። እኔም ለብዙ ዓመታት ያስተማርሁት በዚሁ ቅደም ተከተል ነው። ዛሬ ግን ይኸው ኬሚስትሪ በከተማችን ምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራንዮ፣ ቆሼ በሚባለው ስፍራ ምን እንደሚነግረን ለማሳየት እሞክራለሁ።

ቆሼ ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የአዲስ አበባን ደረቅ ቆሻሻ ተሸክሞ የኖረ ቦታ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጡ። ነሐሴ 13 ቀን 2010 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው ስፍራ የረጲ ከቆሻሻ ኃይል ማመንጫ ተመረቀ። ማመንጫው የታቀደው በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ እንዲያቃጥል ነው። ተራራ ያከለ ክምር ምን ሊያደርስ እንደሚችል ላየ ሕዝብ፣ ቆሻሻን አቃጥሎ መጠኑን መቀነስ ትልቅ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ቁስ መልኩን ይለውጣል እንጂ አይጠፋም። ስለዚህ ከእሳቱ በኋላ የሚቀረው ምንድን ነው? ወዴትስ ይሄዳል? የመልሱ ሰፊ ክፍል የሚገኘው ከካልሲየም ኬሚስትሪ ነው።

በመጀመሪያ መሠረቱን እናስታውስ። የኖራ ድንጋይ ማለትም ካልሲየም ካርቦኔት ወደ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲግል ይፈርሳል፤ ከ100 ግራም ንጹሕ ድንጋይ 56 ግራም ካልሲየም ኦክሳይድ ይቀራል፤ 44 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር ይወጣል። የተቃጠለው ኖራ ውሃ ሲነካው በኃይል እየጋለ ወደ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ይለወጣል። ይህም ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀስ በቀስ እየሳበ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። በ17ኛው መቶ ዘመን የጎንደር ነገሥታት ግንቦች ድንጋይ ከድንጋይ የተያያዘው በዚሁ ዑደት ነው። ኖራ ቤዝ ነው፤ አሲድ ባገኘበት ሁሉ ይይዘዋል። ጥቅሙም ጣጣውም የሚመነጨው ከዚህ ጠባዩ ነው።

አሁን ወደ ማቃጠያው እንመለስ። ቆሻሻ ሲቃጠል፣ በተለይ ፒቪሲ የተባለው ፕላስቲክና ጨው ያለበት የምግብ ትራፊ ሲኖርበት፣ ሃይድሮጂን ክሎራይድ ይወጣል፤ ድኝ ካለበት ነገር ደግሞ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ሁለቱም ሳንባን የሚጎዱ አሲዳማ ጋዞች ናቸው። በዓለም ላይ በብዙ የቆሻሻ ማቃጠያዎች የሚሠራበት ዘዴ ወደ ጭሱ የኖራ ዱቄት ወይም የኖራ ውሃ መርጨት፣ ከዚያም የተፈጠረውን ብናኝ በጨርቅ ማጣሪያ መያዝ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ 74 ግራም ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ 73 ግራም ሃይድሮጂን ክሎራይድን ያመክናል፤ ኪሎ ለኪሎ ማለት ይቻላል። በተግባር ግን ጋዙና ዱቄቱ የሚገናኙበት ጊዜ አጭር በመሆኑ ከስሌቱ በላይ ኖራ ያስፈልጋል፤ የተረፈው ኖራም ከብናኙ ጋር አብሮ ይወጣል።

ጭሱ ጸዳ። ማጣሪያው ላይ የቀረው በራሪ አመድስ? ሰልፈሩን የያዘው ውህድ በመጨረሻ ካልሲየም ሰልፌት፣ ማለትም የጀሶ ዘመድ ይሆናል፤ ከእርሱ በአንድ ሊትር ውሃ የሚሟሟው 2 ግራም ገደማ ብቻ ነው። ክሎሪኑን የያዘው ካልሲየም ክሎራይድ ግን በአንድ ሊትር ውሃ ከ700 ግራም በላይ ይሟሟል፤ ከአየር እርጥበት እየሳበ በራሱ ይረጥባል። በዚያ ላይ የተረፈው ኖራ የአመዱን ፒኤች ከ12 በላይ ያደርሰዋል። ብዙ ብረቶች በቤዝ ውስጥ ይዘቅጣሉ፤ እርሳስ ግን በአሲድም በጠንካራ ቤዝም የሚሟሟ ነው። ስለዚህ ከጭስ ማውጫው የታገደው እርሳስ፣ አመዱ ዝናብ ላይ ከተተወ፣ በውሃ ታጥቦ ሊወጣ ይችላል። ከቆሼ በታች ትንሹ አቃቂ ይፈስሳል፤ በአቃቂ ወንዞች ውሃም አትክልት ይለማል።

ከምድጃው ሥር የሚቀረው አመድ ሌላ ዓይነት ነው። በአብዛኛው ከሚቃጠለው ክብደት አንድ አምስተኛ ያህል ይሆናል፤ በዚህ ግምት ከ1,400 ቶን 280 ቶን በየቀኑ ይቀራል ማለት ነው። ይህን አመድ ለመንገድ መደልደያ ወይም ለብሎኬት ማዋል የሚቻል ሲሆን፣ አስቀድሞ ግን ለሳምንታትና ለወራት በተጠበቀ ቦታ መቆየት አለበት። በዚህ ጊዜ ኖራው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስቦ ካርቦኔት ይሆናል፤ ፒኤቹም ይወርዳል፤ እርሳሱም በተሻለ ሁኔታ ታስሮ ይቀመጣል። ሳይበስል ለብሎኬት ቢውል በውስጡ ያለው የአሉሚኒየም ቁርጥራጭ ከኖራው ጋር ተገናኝቶ ሃይድሮጂን ጋዝ ያወጣል፤ ብሎኬቱም ያብጣል፣ ይሰነጠቃል።

ከዚሁ ክምር አንድ ተጨማሪ የካልሲየም ውህድ ላንሳ፤ አጥንት። አጥንት በአብዛኛው ካልሲየም ፎስፌት ነው። በአግባቡ የከሰለ አጥንት ፍሎራይድን ከውሃ ይይዛል፤ በስምጥ ሸለቆአችን ፍሎራይድ የበዛበትን ውሃ ለማጣራትም ሥራ ላይ ውሏል። እዚህም ሕጉ ያው ነው። ከሰሉ ሲጠግብ መታደስ ወይም በጥንቃቄ መወገድ ይኖርበታል፤ ፍሎራይዱ ቦታ ለወጠ እንጂ አልጠፋም።

እንግዲህ ለእናንተ ለተማሪዎች ሦስት ነገር አደራ እላለሁ። አንደኛ፣ ማቃጠያን በጭሱ ብቻ አትመዝኑ፤ የአመዱን ፒኤችና ከአመዱ በውሃ ታጥቦ የሚወጣውን እርሳስ ለኩ። ሁለተኛ፣ በራሪው አመድ ከምድጃው አመድ ጋር እንዳይደባለቅና ዝናብ በማይደርስበት፣ ወለሉ ውሃ በማያሳልፍ ቦታ እንዲቀመጥ የሙያ ድምፃችሁን አሰሙ። ፒቪሲ ከምንጩ ቢለይ ደግሞ ክሎሪኑም፣ የሚፈለገው ኖራም፣ የሚሟሟው አመድም ይቀንሳሉ። ሦስተኛ፣ ብረት ለመልቀም ወደ አመድ የሚቀርበውን ሰው አስቡ። ፒኤቹ 12 የሆነ አመድ እርጥብ ቆዳን ያቃጥላል፤ ዓይንን ሊያጠፋ ይችላል። ጓንት፣ የዓይን መከላከያና ብዙ ንጹሕ ውሃ በዚያ ስፍራ መኖራቸው ከማንኛውም የጥናት ጽሑፋችን ይቀድማል።

ኖራ ታማኝ አገልጋይ ነው፤ የሰጠነውን ይይዛል። የያዘውን የት እንደምናኖረው መወሰን ግን የእኛ ኃላፊነት ነው። በቆሼ ለሞቱት ወገኖቻችን ያለብን ዕዳም አንዱ ይኸው ነው፤ አንድን አደጋ ከክምር ወደ ጭስ፣ ከጭስ ወደ አመድ፣ ከአመድ ወደ ወንዝ እያዛወርን ተወገደ እንዳንል።