የአነስተኛ ነጋዴ ተከራይ የሕግ ከለላ



በሮቤ፣ በጎባም ሆነ በብድሬ በኪራይ ቤት ወፍጮ የተከለ ወይም ሻይ ቤት የከፈተ ሰው ከአከራዩ ጋር ሲጋጭ የሚገጥመው ሁልጊዜ የፍርድ ቤት መጥሪያ አይደለም። ቆጣሪው በአከራዩ ስም ስለሆነ መብራቱ ይቋረጥበታል፤ በቁልፉ ላይ ሌላ ቁልፍ ይደረብበታል፤ ወይም ኪራዩን አልቀበልም ተብሎ ቆይቶ «አልከፈለም» ይባላል።

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑ ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። ስሙ እንደሚነግረን ግን ጥበቃው ለመኖሪያ ቤት ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ የጓሮውን ክፍል ተከራይቶ የሚኖረው በአዋጁ ሲጠበቅ፣ በመንገዱ በኩል ያለውን ሱቅ የተከራየው ነጋዴ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ይዳኛል።

ይህ ሕግ የኪራዩን መጠንና ዘመን በመሠረቱ ለተዋዋዮቹ ፈቃድ ይተዋል። ቢሆንም ነጋዴውን ባዶ እጁን አያስቀረውም። በቁጥር 1140 ይዞታ የሚባለው አንድ ሰው በነገሩ ላይ በእውነት የሚያዝበት ሁኔታ ነው። በቁጥር 1149 መሠረት ይዞታው የተነጠቀ ወይም የታወከበት ሰው በ2 ዓመት ውስጥ እንዲመለስለት ወይም ሁከቱ እንዲወገድለት፣ ኪሣራም እንዲከፈለው መጠየቅ ይችላል። በእኔ አስተያየት ተከራይ ይህን ክስ በአከራዩ ላይም ሊያቀርብ ይገባል፤ ባለቤትነት በገዛ እጅ ለማስለቀቅ ፈቃድ አይደለምና። ኪራይ አልቀበልም የተባለም ገንዘቡን በፍርድ ቤት አስቀምጦ ከዕዳው ሊወጣ ይችላል።

ታዲያ ጉድለቱ የት ላይ ነው? በዘመኑ ላይ ነው። ወፍጮ መሠረትና የኃይል መስመር ይፈልጋል፤ ደንበኛም ቦታ ይለምዳል። የ1952ቱ የንግድ ሕግ የኪራይን መብት ከንግድ መደብር ክፍሎች አንዱ አድርጎ የቆጠረው ያለ ምክንያት አልነበረም። ውሉ በ6 ወር የሚያልቅ ከሆነ ግን ነጋዴው ከሶ ቢረታም፣ አከራዩ ውሉን ባለማደስ ብቻ ያስወጣዋል። ይህን ስለሚያውቅ በደሉን ችሎ ይቀመጣል።

ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 በተወረሰበት አገር የአከራዩም ሥጋት ቀላል አይደለም። ስለዚህ የዋጋ ቁጥጥር አልጠይቅም። የምጠይቀው የጽሑፍ ውል፣ ዝቅተኛ የውል ዘመን፣ ዕቃ ነቅሎ ለመሄድ የሚበቃ ማስጠንቀቂያ ለንግድ ቤትም እንዲደነገግ ነው።

እስከዚያው፣ ነጻ የሕግ ድጋፍ የምትሰጡ ተማሪዎች፣ ተከራይ ሲመጣባችሁ አስቀድማችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ፤ ውሉ የት አለ? ሁከቱስ የተፈጠረው መቼ ነው? 2 ዓመቱ የሚቆጠረው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።