ሳይቃጠል በቅጠል
(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ የማኅበሩ ጸሐፊ ያሰማው ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ ደም ግፊት ክኒንና ስለ ጤና መድን ነው።

ደም ግፊት ብዙውን ጊዜ አያምም። ሰውየው ሥራ ይውላል፣ ይበላል፣ ይስቃል። ክኒኑም ለሕመም ማስታገሻ አይደለም፤ ሥራው ስትሮክን፣ የልብና የኩላሊት ጉዳትን መከላከል ነው። ስለዚህ ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቀረው እሱ ነው። «ደህና ነኝ እኮ» እየተባለ ይቆማል። አንድ ቀን ሰውየው ሲወድቅ ግን ቤተሰቡም አብሮ ይወድቃል።

ሕጉ ምን ይላል? የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 በ2002 ዓ.ም. ወጣ። ደንብ ቁጥር 271/2005 ደግሞ ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪውም 3 በመቶ እንዲያዋጡ ይላል። የሚጀመርበት ጊዜ ግን በተደጋጋሚ ተላልፏል። በደንቡ መሠረት የተመላላሽና የተኝቶ ሕክምና፣ በዝርዝር የተያዘ መድኃኒትም ይሸፈናል። ከሕመም ጋር ያልተያያዘ ወቅታዊ ምርመራ ግን አይሸፈንም። እንግዲህ አስቡት፦ ግፊቱ ካልተለካ ሐኪም ክኒን አያዝም፤ ካልታዘዘ መድኑ አይከፍልም። ክኒኑ ተፈቅዶ መንገዱ ተዘጋ ማለት ነው።

የሕፃናት ክትባት በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ የሚሰጠው ለምንድን ነው? መከላከል ከማከም ስለሚሻል ነው። ለአዋቂውም ነገሩ ያው ነው።

ስለዚህ፦

አንደኛ፣ ተቀጥራችሁ የምትሠሩ፣ የኅብረት ስምምነት ሲታደስ በሠራተኛ ማኅበራችሁ በኩል ሁለት ነገር እንዲጻፍ ጠይቁ፤ በዓመት አንዴ ግፊትና ስኳር መለካት፣ የታዘዘ የዘወትር ክኒንም በአሠሪው ወጪ መሸፈን። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አደገኛ ሥራ ላይ ያለ ሠራተኛ እንደ አስፈላጊነቱ በአሠሪው ወጪ እንዲመረመር ያዛል። ከዚያ በላይ ያለው በስምምነት የሚገኝ ነው፤ ዝም ያለ ምንም አያገኝም።

ሁለተኛ፣ ሰው የምታሠሩ፣ ሒሳቡን እናንተው ሥሩት። የወር ክኒንና የሆስፒታል አልጋ ዋጋቸው አይገናኝም፤ የለመደ ሠራተኛም በቀላሉ አይተካም።

ሦስተኛ፣ ደመወዝ የሌለን ነጋዴዎችና የቀን ሠራተኞች የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መታወቂያችንን በጊዜው እናሳድስ። «መድኃኒቱ አልቋል» ተብሎ የተመለሰ ሰው ካለ ለማኅበሩ ይንገር፤ ተሰብስበን እናመለክታለን።

የጀመራችሁትን ክኒን ሐኪም ሳታማክሩ አታቁሙ። ያልተለካችሁም ሄዳችሁ ተለኩ።